ከግሸን እስከ ኢየሩሳሌም፦ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖ

(የዝግጅቱ መለያ ዜማ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በእንጅባራና በዳንግላ፣ በቻግኒና በአዲስ ቅዳም፣ በቲሊሊም ሆነ በጃዊ ቆላ ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ሳምንታዊው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ዛሬም በሰዓቱ ደርሷል። ቡና ያፈላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ፣ ሥራ ላይ ያላችሁም እጃችሁን ሳታቆሙ፣ ጆሯችሁን ብቻ አውሱን።

ዛሬ ከወሬው በፊት ዜማው ይቅደም። አብረን እናዳምጥ።

(ሙዚቃ፦ ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች አንዱ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ ይሰማ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይውረድ)

አቅራቢ፦ ምን ሰማችሁ? መሣሪያው ፒያኖ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ዜማው ግን የየት ነው? ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ከማሕሌት የሰማው ነገር ትዝ ይለዋል። በገና የሚወድ በገና ይሰማዋል። ትዝታ ሲዘፈን ሰምቶ ያደገም "ይቺንስ የሆነ ቦታ አውቃታለሁ" ይላል። ሁላችሁም ልክ ናችሁ።

ይህን ዜማ የደረሱትም የተጫወቱትም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ኢትዮጵያዊት መነኩሲት፣ ፒያኖ ተጫዋች፣ የሙዚቃ ደራሲ። የዕድሜያቸውን የመጨረሻ አርባ ዓመት ገደማ የኖሩት ከአገራቸው ርቀው፣ ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ነው። ያረፉትም እዚያው፣ በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም፣ በ99 ዓመታቸው ነው።

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን እስከ መጨረሻው እንዘልቃለን። ሰው አገር ለአገር ሲዞር፣ በሰው አገር መሣሪያ ሲጫወት፣ በሰው አገር ትምህርት ሲማር፣ ሙዚቃው የማን ይሆናል? ጥያቄውን ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

(አጭር የፒያኖ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ታሪኩ አዲስ አበባ ይጀምራል። በ1916 ዓ.ም በታኅሣሥ ወር ተወለዱ፤ ስማቸውም የውብዳር ተባለ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው ሚስዮናውያን ዘንድ ገብተው፣ እስከ ስዊዘርላንድ ተሻግረው የተማሩ፣ ጀርመንኛ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የጎንደር ከንቲባ ሆነው ሠርተዋል፤ ማዕረጉም ከስማቸው አልተለየም።

እኚህ አባት የተማሩትን ለወንድ ልጅ ብቻ አላሰቡም። ሴቶች ልጆቻቸውንም ባሕር ማዶ ላኩ። የውብዳር የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከታላቅ እህቷ ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። ስንዱ ገብሩን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ከዚያም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት ናቸው።

እስቲ አስቡት፤ ስድስት ዓመት! እዚህ እኛ ዘንድ በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ ጥጃ ብትጠብቅ ነው። ያቺ ልጅ ግን በባቡር ጅቡቲ ወርዳ፣ በመርከብ ተጭና፣ እናቷ ወደማትሰማው አገር ሄደች።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ዘመን የኛዋ ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች። ሜጀር ቺዝማን የሚባለው ቆንስል እዚህ ተቀምጦ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ጉዞ እያጠና ካርታ ያነሳ ነበር። እሱ ከሩቅ ወደኛ መጣ፤ እሷ ከኛ ወደ ሩቅ ሄደች። ባቡርና መርከብ ብርቅ በነበሩበት ጊዜም ቢሆን ሰው ይንቀሳቀስ ነበር ለማለት ያህል ነው።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች። በአሥር ዓመቷ ገደማም በሰው ፊት ቫዮሊን ተጫወተች። በልጅነቷ የያዛት ናፍቆት ግን ትምህርቱ ሲያልቅ አላለቀም። ከብዙ ዓመት በኋላ ከደረሷቸው ሥራዎች አንዱ "የአገር ናፍቆት" ማለት ነው ስሙ። ሌላው "የእናት ፍቅር" ነው። ሌላው "የባሕር ዜማ" ነው። የባሕር ዜማ የሚደርስ ሰው ባሕር የተሻገረ ሰው ነው።

(ሙዚቃ፦ "የባሕር ዜማ" ከተሰኘው ሥራ ሠላሳ ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ወደ አገሯ ተመልሳ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ትምህርቷን ቀጠለች። ብዙም ሳትቆይ ጣሊያን መጣ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ከተማው በደም ታጠበ፤ የተማረውና ስም ያለው ሰው እየተለቀመ ተገደለ። ከሞት የተረፉትም ብዙዎቹ በግዞት ወደ ጣሊያን ተጫኑ። ከእነዚያ መካከል የከንቲባ ገብሩ ቤተሰብ ነበር። መጀመሪያ ከሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው ወደ አሲናራ ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው ወደ መርኮሊያኖ ተወሰዱ። የውብዳር አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር።

በዚያ ጊዜ ዳንግላም የጣሊያን ጦር ምሽግ ሆና ነበር፤ እስከ 1933 ዓ.ም የካቲት ድረስ። ስለዚያ ዘመን ከአያቶቻችሁ አፍ የሰማችሁ አላችሁ። ግዞት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። አንደኛው መውጣት በአባት ፈቃድ፣ ለትምህርት። ሁለተኛው በጠላት ትእዛዝ፣ በግዞት። ሦስተኛው ግን በራሷ ምርጫ ነው። ነጻነት ሲመለስ ወደ ካይሮ ሄደች። እዚያ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር አገኘች። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ትለማመድ ነበር፤ አራቱን በቫዮሊን፣ አምስቱን በፒያኖ። ሙቀቱ ጤና ሲነሳት ተመለሰች። መምህሯም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መራ። እሷ ተመለሰች፤ እሱ ደግሞ በተራው የኛ አገር ስደተኛ ሆነ።

(መሸጋገሪያ፦ አምስት ሰከንድ)

አቅራቢ፦ አሁን እዚህ ላይ ትንሽ እንቀመጥ። ምክንያቱም የዚህች ሴት ታሪክ የሚታጠፈው እዚህ ነው።

የውብዳር ወጣት ናት። ቋንቋ ታውቃለች። መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብታ ትሠራለች። ኋላ በእርጅናቸው ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዳ ያነጋገረቻቸው ኬት ሞሌሰን የምትባል ጋዜጠኛ እንደጻፈችው፣ የውብዳር በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በፈረስ ጋሪ ትሽቀዳደም ነበር። በሴትና በወንድ መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው ብላ ከልጅነቷ ጀምሮ ትጠይቅ ነበር። ጥር 23 ሲደርስ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ለማየት የምትሰለፉ አድማጮቼ፣ ይህቺን ልጅ እንደምትወዷት አልጠራጠርም።

ከዚያ ታላቁ ዕድል መጣ። ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊው የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል። ለአንድ ሙዚቀኛ ከዚህ በላይ ምን አለ? ሻንጣው ሊዘጋ ሲል ግን የጉዞው ፈቃድ ተከለከለ። በቃ፣ አትሄጂም ተባለች።

ምን ያደረገች ይመስላችኋል? እህል አልቀምስም አለች። አሥራ ሁለት ቀን ከቡና በቀር ምንም አልወሰደችም። ሰውነቷ ተዳክሞ ሐኪም ቤት ገባች። ሞት የቀረበ ሲመስል ቅዱስ ቁርባን እንዲሰጣት ጠየቀች። ተቀበለች። ከዚያ ረጅም እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ልቧ ሌላ ሆኖ ነቃች። ለንደንን ትታ፣ አዲስ አበባንም ትታ፣ ወደ ግሸን ማርያም ሄደች።

በሃያ አንድ ዓመቷ መነኮሰች። እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባሉ። ከዚህ በኋላ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ።

ግሸንን የረገጣችሁ አላችሁ። መስከረም 21 ስንት ሕዝብ እንደሚወጣባት፣ ዳገቱም እንዴት እንዳለ ታውቃላችሁ። እማሆይ ጭቃ መደብ ላይ እየተኙ፣ በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ ዐሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ፒያኖ የለም። ቫዮሊን የለም። በቀን ዘጠኝ ሰዓት የተለማመዱ ጣቶች መቁጠሪያ ይዘው ቀሩ።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ጊዜ ሙዚቃን የተዉበት ዘመን ይሉታል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ግሸን ያለችው አምባሰል ውስጥ ነው። አምባሰል የምንለው ደግሞ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። በዚህ አገር ዐሥር ዓመት ሌሊት እየቆመ ሰዓታትና ማሕሌት የሰማ ጆሮ ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም። ስዊዘርላንድና ካይሮ ለጣታቸው አስተማሩ። ግሸን ለጆሯቸው አስተማረች። እኔ የማምነው ይህን ነው።

እንደገና ልበለው፣ ቁም ነገሩ እዚህ ነውና። ለንደን ቢሄዱ ኖሮ ምናልባት ጥሩ የአውሮፓ ሙዚቃ ተጫዋች ይሆኑ ነበር። ዛሬ የምንሰማው ሙዚቃ ግን አይኖርም ነበር።

ይህን ስል የከለከላቸውን ሰው ማመስገኔ አይደለም፤ እንዳይመስላችሁ። የተከፈተ በር የሚዘጋ ባለሥልጣን ምስጋና አይገባውም። እማሆይ ራሳቸው በእርጅናቸው ስለዚያ ነገር ሲጠየቁ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነበር ብለው አልፈውታል። እሳቸው ይቅር ሊሉ ይችላሉ። እኔ ግን ስንት ወጣት እንዲሁ በአንድ ፊርማ እንደቀረ እያሰብኩ እናደዳለሁ።

(ሙዚቃ፦ ከእማሆይ ሥራዎች ለስለስ ያለ ክፍል፤ አርባ ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ከግሸን በኋላ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ። ፒያኖውንም ተመለሱበት። ወላጅ አልባ ልጆች ባሉበት ቤት አስተማሩ። በ1950ዎቹም ወደ ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ።

ጎንደር ያዩትን ነገር በጥሞና ስሙኝ፤ ለእኛ ቅርብ ነውና። እማሆይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ደጅ ላይ የሚያድሩ ልጆች ያያሉ። እነማን ናቸው? የቆሎ ተማሪዎች። ዜማ ሊማሩ ከየአገሩ የመጡ፣ ቀን እየለመኑ ማታ የሚያጠኑ። ከዚህ ከአዊ ምድርም ለትምህርት ወደ ጎንደርና ወደ ቤተልሔም የዘለቀ ስንቱ ነው! ጎጃም በቅኔ፣ ቤተልሔም በድጓ፣ ጎንደር በአቋቋም እየተባለ ተማሪ ከቦታ ቦታ የሚንከራተትበት አገር ነው የኛ።

እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው አንድ ነገር ነው፤ ሙዚቃ። እነዚህን ልጆች በሙዚቃዬ እረዳለሁ ብለው ወሰኑ። በ1950ዎቹ ዓመታት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ እርዳታ የመጀመሪያው ሸክላቸው ጀርመን አገር ታተመ። ገቢውም ለወላጅ አልባ ልጆችና ለችግረኞች ሆነ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ቤት ስለሌለው መንገደኛ የተደረሰው ነው። እሱን ስሰማ የእነዚያ ተማሪዎች ነገር ነው የሚመጣብኝ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሙዚቃው የማን ነው? ክላሲካል ነው? መንፈሳዊ ነው? የኢትዮጵያ ነው? የፈረንጅ?

ክላሲካል ሙዚቃ ሲባል ብዙዎቻችን ከረባት ያሰሩ ፈረንጆች ይታዩናል። ነገሩ ግን ከከረባት የጠለቀ ነው። በኖታ የሚጻፍ፣ በትምህርት የሚተላለፍ፣ ተቀምጠው በጥሞና የሚያዳምጡት ሙዚቃ ነው። በዚህ ሚዛን ካየነው የያሬድ ዜማስ? ድጓው ምልክት አለው፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ እያለ ከፊደሉ በላይ ይጻፋል። መምህር አለው። ለዓመታት ይጠናል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉ መንገዶች አሉት። እንግዲህ በጽሑፍና በትምህርት የሚተላለፍ ሙዚቃ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም።

እማሆይ የሠሩት ሁለቱን ማገናኘት ነው። እንዴት? ኑ፣ አብረን እንስማ። መጀመሪያ ግራ እጃቸውን ብቻ ለመከተል ሞክሩ።

(ሙዚቃ፦ የግራ እጅ ምት ጎልቶ የሚሰማበት ክፍል፤ ሃያ ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ሰማችሁ? እኩል እኩል ይረግጣል። አሁን ደግሞ ቀኝ እጃቸውን።

(ሙዚቃ፦ ቀኝ እጅ ዜማውን የሚያወጣበት ክፍል፤ ሃያ ሰከንድ)

አቅራቢ፦ ይኸኛውስ? ይዘገያል። ይቸኩላል። ይቆምና ይንጠለጠላል። ከግራው እጅ ጋር እኩል መርገጥ የማይወድ ይመስላል። በአገው ፈረስ ልንገራችሁ። ፈረሱ በሶምሶማ እኩል ይረግጣል፤ ይህ ግራ እጅ ነው። ከላይ ያለው ፈረሰኛ ግን ዘንጉን ያወዛውዛል፣ ይዞራል፣ ይፎክራል፣ ደስ ሲለው ብቻ ከፈረሱ ርምጃ ጋር ይገጥማል። ይህ ቀኝ እጅ ነው። ሁለቱ ግን አይለያዩም፤ አንዱ አንዱን አይጥለውም።

ያ ነጻነት ከየት መጣ? ከሾፐንና ከመሰሎቹ የፒያኖ ሙዚቃም ጥቂት አለበት፤ እማሆይ የአውሮፓውን ትምህርት በሚገባ ተምረዋል። ዋናው ግን ከዜማ ነው። ዜማ በቀለም ይሄዳል፣ በትንፋሽ ይሄዳል፤ የሰዓት ቆጣሪ አይነዳውም። አንድ ድምፅ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ትናንሽ ድምፆች ተርገፍግፈው ሲያልፉ ልብ በሉ። ድጓ የተማራችሁ "ይህማ ርክርክ ነው" ብትሉኝ አልከራከራችሁም።

ዜማው የሚወጣበት ቅኝትም የኛው ነው። ፒያኖ በአንድ እርከን አሥራ ሁለት ድምፅ አለው፤ የኛ ቅኝት በአምስት ድምፅ ይሠራል። አሥራ ሁለት ድምፅ ከፊታችሁ ተዘርግቶ አምስቱን መርጦ መጫወት ድፍረት ይጠይቃል። የቀረውን ስለማያውቁ አይደለም፤ እያወቁ ነው የተዉት።

እንግዲህ ነጥቡን ልድገመው። መሣሪያው ከአውሮፓ ነው። የጣት ትምህርቱ ከስዊዘርላንድና ከካይሮ ነው። ቅኝቱ፣ ትንፋሹና ጊዜው ግን የኢትዮጵያ ነው። ፒያኖው እሳቸውን ፈረንጅ አላደረጋቸውም፤ እሳቸው ናቸው ፒያኖውን ዜማ ያስተማሩት።

(አጭር መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ሸክላው ከወጣ በኋላ ዘመን ተለወጠ። ደርግ መጣ፤ ለመነኩሲት የማይመች ጊዜ ሆነ። እናታቸውም ዐረፉ። እ.ኤ.አ. በ1984፣ በስድሳ ዓመታቸው፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት የኢትዮጵያ ገዳም ገቡ።

በስድሳ ዓመት መሰደድ! ወጣት ሲሰደድ ሥራ ይፈልጋል፣ ቋንቋ ይማራል፣ ቤት ይሠራል። በስድሳ ዓመት የሚሰደድ ሰው ይዞት የሚሄደው ያለውን ብቻ ነው። እሳቸው የነበራቸው አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ፒያኖና የተጻፉ ኖታዎች ናቸው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። እማሆይ በተወለዱበት በ1916 ዓ.ም፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች መጥተው ነበር። ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ላይ ሲጫወቱ ሰምተዋቸው ነው ያመጧቸው። "አርባ ልጆች" የሚባሉት የሙዚቃ ባንድ እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በዘመኑ የነበረውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ስደተኛ ሙዚቀኞች ከኢየሩሳሌም ወደኛ መጡ፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ የኛዋ ሙዚቀኛ ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ። ስለ ስደተኛ ስናወራ የሄደውን ብቻ ሳይሆን የመጣውንም እንቁጠር።

ከዚያ ብዙ ዓመት ስማቸውን የሚያነሣ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ "ኢትዮፒክስ" በተባለው ተከታታይ አልበም ሃያ አንደኛውን ለእሳቸው ሰጠ። እማሆይ ያኔ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው! ዓለም ከዚያ በኋላ ነው ማን ናቸው ብሎ የጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢየሩሳሌም ላይ ሥራዎቻቸው በመድረክ ቀረቡ፤ ኖታዎቻቸውም በመጽሐፍ ታተሙ። እስራኤላዊቷ ፒያኖ ተጫዋች ማያ ዱኒዬትዝ ለዚህ ብዙ ደክማለች። አየር መንገድ በሚሰጠው ዓይነት ፌስታል ታጭቀው የኖሩ ወረቀቶች ናቸው አሉ፣ ተለቅመው መጽሐፍ የሆኑት። 150 ያህል ሥራ እንደደረሱ ይነገራል።

ከዚያ ፊልም ሠሪዎች መጡ። "ታይም" የሚባል አንድ የአሜሪካ ዘጋቢ ፊልም አለ፤ ባሏ የታሰረባት ሴት ለዓመታት ስትጠብቀው ያሳያል። ለኦስካር ታጭቶ ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ የሚሰማው ፒያኖ የእማሆይ ነው። ዳይሬክተሯ ጋሬት ብራድሊ ይህን ሙዚቃ ስትመርጥ ስለ አሲናራ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን በልጅነታቸው የታሰሩ ሴት ሙዚቃ እስረኛ ለሚጠብቁ ሰዎች ታሪክ መዋሉን ሳስብ ልክ ቦታውን አገኘ እላለሁ።

አንድ ቅሬታም አለኝ። የውጭ ጋዜጦች ብዙ ጊዜ በመሸታ ቤት ፒያኖ እየመሰሉ፣ ወይም ጃዝ እያሉ ይጠሯቸዋል። ነገሩ ከፍቅር ነው፤ ግን ስህተት ነው። ሰው የማያውቀውን በሚያውቀው ይሰይማል። እነሱ ጃዝን ስለሚያውቁ ጃዝ ሰሙ። እኛ ድጓንና ትዝታን የምናውቅ ሰዎች ግን የራሳችን ጆሮ አለን። በዚህ ጉዳይ እንጅባራ ያለ አንድ መሪጌታ ከለንደን ሐያሲ ይልቅ ቢያስረዳን አልደነቅም።

(መሸጋገሪያ፤ በቴፕ የተቀዳ የመሰለ ሻካራ ድምፅ ቢኖረው ይመረጣል)

አቅራቢ፦ አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ያልሰማውን ልንገራችሁ። እማሆይ ይዘፍኑም ነበር፤ በአማርኛ።

እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ፣ አገራቸውን ሊለቁ በተቃረቡበትና በለቀቁበት ሰሞን፣ ፒያኖ እየተጫወቱ እየዘመሩ በካሴት ቀድተው አስቀምጠዋል። ስቱዲዮ የለም፤ ቤት ውስጥ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ወፍ ሲጮኽ ይሰማል። ስለ ደመና ነው፣ ስለ መስከረም ፀሐይ ነው፣ ስለ አገር ነው። እነዚህ ካሴቶች በአልበም የወጡት እሳቸው ካረፉ ከዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ይህን ሥራ መጀመሪያ መስማት የሚገባው ማን ነበር? ቃሉን ያለ አስተርጓሚ የሚሰማ ሰው፤ እናንተ። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ወደ ዐረብ አገር የሄደች ልጅ ያለቻችሁ እናቶችና አባቶች። ልጅቷ በስልክ "ደኅና ነኝ" ብላ የምትዘጋው ነገር ምን እንደሆነ እዚህ ላይ ታገኙታላችሁ ብዬ አስባለሁ።

ሰዓታችን እየገፋ ስለሆነ ወደ ሳምንቱ ጥያቄዎች ልለፍ። ብዕር የያዛችሁ ጻፉ።

አንደኛ፦ የእማሆይን ሕይወት በሙዚቃ በኩል ይበልጥ የለወጠው የትኛው መውጣት ነው ትላላችሁ? የስዊዘርላንዱ፣ የአሲናራው፣ የካይሮው፣ የግሸኑ ወይስ የኢየሩሳሌሙ? እኔ ግሸን ብያለሁ። ካልተስማማችሁ ምክንያታችሁን ንገሩኝ።

ሁለተኛ፦ በቀርቀሃ ወይም በሸምበቆ ዋሽንት የሚጫወት እረኛ በአካባቢያችሁ አለ? ዜማውን ሲያወጣ ጊዜውን እንዴት ይይዛል? እኩል ይረግጣል ወይስ በትንፋሹ ይሄዳል? ሄዳችሁ አዳምጡና ከዛሬው ፒያኖ ጋር አስተያዩት። በትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ያላችሁ ተማሪዎች ይህን በስልክ ቀድታችሁ ብታቀርቡ ጥሩ ዝግጅት ይወጣዋል፤ ሰውየውን ግን መጀመሪያ አስፈቅዱት።

ሦስተኛዋ ለዜማ መምህራን ናት፦ ድጓ ለሚማሩ ልጆች ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ቢቀርብላቸው ትምህርታቸውን ያግዛል ወይስ ያበላሻል? ይህቺን በቀጥታ ስትከራከሩ መስማት እፈልጋለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት መልሶቻችሁን እያነበብን ስለ ሌላ ስደተኛ ሙዚቀኛ እናወራለን፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ዋሽንት የሚነፋውን እረኛ በኦርኬስትራ ሙዚቃ ያመጡት፣ ኋላም አሜሪካ ኖረው እዚያው ያረፉት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ።

የቀረችንን ደቂቃ ለእማሆይ እንስጣት። የምትሰሙት ከዚያ የካሴት ቅጂ ነው፤ ድምፁ ቢሻክር ሬዲዮናችሁ ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ።

(ሙዚቃ፦ እማሆይ በአማርኛ ከዘመሯቸው የካሴት ቅጂዎች አንዱ፤ እስከ ዝግጅቱ ማብቂያ ሳይቋረጥ ይሰማ)